የአሳ ጆሮ

አሳ ጆሮ አለው? ብሎ ለጠየቀኝ፣
አለው፤ የሰማውን ነግሮ ያስጨነቀኝ።
ከራስ ቅሉ ጓዳ፣ ከአንጎሉ ሥር፣
ከጤፍ ተለቅ ያለች፣ ያነሰች ከምስር፣
አንዲት ጠጠር አለች፤ ክረምት ከበጋ ቀለበት የሚስልባት፣
የዋኘበት ውኃ ሁሉ ስሙን የሚጽፍባት።

ነሐሴ አጋማሽ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ዝናብ ቆርቆሮ ይወቅጣል፣
ከቤተ ሙከራው ደጅ አንድ ባጃጅ ሳጥን ያወርዳል።
«የቆጋ ግድብ ነው» አለ ነጋዴው አንሙት፣ እጁን በጃኬቱ ጠርጎ፣
በረዶው ላይ የተኛውን ወረቀት በሁለት ጣት ከፍ አድርጎ፤
«ማኅተሙ ይኸው፣ ፊርማው ይኸው፤
ምን ያደክምሻል እህቴ፣ ሥጋው እንደሁ ያው።»

ማኅተሙን አየሁት፤ ክብ ነው። የማንም ማኅተም ክብ ነው።
ቢላዋ አነሳሁ።
ሆዷ ሲከፈት እንቁላል ፈሰሰ፣ እንደ ተነከረ ክክ ቢጫ።
ነጭ አሳ በዚህ ወር ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ የለም በዚህ ዳርቻ፦
ጠጠር ላይ ሊወልድ ወንዝ ይወጣል፤ ጎርፍ አይመልሰውም፤
ሕጉም፦ በክረምት ወንዝ አፍ ላይ መረብ አይጣልም።

ግን እንቁላል አይበቃም፤ «የት?» ሲሉት ዝም ይላል።
ጠጠሯን በወረንጦ አወጣኋት፣
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እስክትሳሳ አሸኋት።
ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ አጉረመረመ፣
ሲነጋ አንድ መስመር፣ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ስክሪኑ ላይ ቆመ፦

ተወለደች፦ ግልገል ዓባይ፣ ከድልድዩ በላይ።
አደገች፦ ጣና፣ ከዘጌ ማዶ፣ ጥልቁ ላይ።
አምስት ክረምት ቆጠረች።
በመጨረሻው ጠርዝ፣ እንደ ጥፍር ልጣጭ በቀጠነው፣
እንደገና የወንዝ ውኃ፤
ወደ ተወለደችበት ስትመለስ፣ እዚያው አፉ ላይ።
ቆጋ የሚባል ነገር የትም አልነካት።

ይኼ ደስ ሊለኝ በተገባ።
ግን በዚያ ክረምት፣ በዚያ ወንዝ አፍ፣ ታንኳ የሚያሳድር
አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እንድሪስ።
ተማሪ ሳለሁ፣ ከመራዊ መጥቼ ውኃ ስፈራ፣
በደንገል ታንኳው ፊት አስቀምጦ የወሰደኝ፤
ቤዞን ከነጭ አሳ፣ ቆሮሶን ከአምባዛ
«በመጽሐፍ አይለይም፤ እጅሽን ንከሪ» ያለኝ።

ሪፖርቱን ጻፍሁ። አጠፋሁት። ጻፍሁ። አጠፋሁት።
ሦስተኛውን ፈረምሁበት።

ቅዳሜ ሄድሁ። መረቡ ተወስዶበት
ባዶ ገመድ ሲጠቀልል አገኘሁት።
አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።
«ጠጠሯ ነገረችሽ አሉ?»
«አዎ፣ ጋሽ እንድሪስ።»
«አትዋሽም?»
«አትዋሽም።»
ወደ ሆቴሉ አጥር ዞረ፣ ወደ ታጨደው ሣር፣
የአባቱ ጎጆ ወደነበረበት፣ ደንገል ይሰጣበት ወደነበረው ዳር።
«እንግዲያ የኔንም ጆሮ ፍለጭው።
የየት ነህ ሲሉኝ የማሳየው ወረቀት የለኝ፤
አንሙት ማኅተም አለው፣
እኔ ያለችኝ ጠጠር ናት።»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።
አንሙት ሁለት ወር ዘጋ፤ በሦስተኛው ከፈተ፤
ሚዛኑ አዲስ፣ የሳጥኑ ማኅተም አዲስ።
ግን ወረቀቱን ሲያቀብለኝ
ዓይኑ ወደ ወረንጦዬ ይሄዳል፤
ትንሽ ነው፤ ግን ይሄዳል።

ዘንድሮ በሐምሌ ማለቂያ፣ ጎርፉ ጭቃውን ይዞ ሲወርድ፣
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ስልኬ ጮኸ።
እንድሪስ ነው። ከጀርባው ውኃ ይሰማል።
«ምነው፣ ምን ሆንህ?» አልሁት።
ቆየ።
«ገቡ» አለኝ። «ታንኳዬን እየገጩ ያልፋሉ፤ ብዙ ናቸው።»
«መረብስ?»
«እጄን ብቻ ነው የነከርሁት።»